የብሩክስ ተራሮች በ1፡25,000፦ የሰሜን አላስካ አዲስ ካርታዎች ግምገማ

ከካናዳ የዩኮን ግዛት ተነሥቶ የአላስካን ሰሜን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አቋርጦ እስከ ቹክቺ ባሕር አቅራቢያ ድረስ 1,100 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘረጋውን የብሩክስ ተራሮች ሰንሰለት በወጉ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው፣ ከማንኛውም የፎቶግራፍ መድበል አስቀድሞ የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ የሚያወጣቸውን የ1፡25,000 ካርታዎች (በወረቀቱ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር በመሬት ላይ 250 ሜትር የሚሆንባቸውን) እንዲመለከት እመክራለሁ። ተቋሙ የአላስካን አዳዲስ ሉሆች ማውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሉህ በፒዲኤፍ ተዘጋጅቶ ያለ ምንም ክፍያ ከድረ ገጽ ይወርዳል። እዚህ የምገመግመው ከእነዚህ መካከል የብሩክስ ተራሮችን የሚሸፍኑትን ነው። ሉሆቹን የመዘንኩት በአንድ ጥያቄ ነው፤ በአብዛኛው መንገድ ያልገባበት፣ ከዋልታ ክበብ በላይ ያለ፣ እጅግ ጥቂት ሰው የረገጠው አገር ምን እንደሚመስል፣ ውኃው ወዴት እንደሚሄድ፣ ጫፎቹ በእርግጥ ምን ያህል ከፍ እንደሚሉ ለአንባቢ በታማኝነት ይነግሩታል ወይ? ስለ መሬቱ ቅርጽ ከሆነ መልሴ አዎን ነው፤ ያለማመንታት። ስለሚንቀሳቀሰው ነገር፣ ማለትም ስለ ወንዙ፣ ስለ በረዶውና ስለሚቀልጠው አፈር ከሆነ ግን ካርታው የሚናገረው አንድ ቀን የታየውን ብቻ ነው፤ ስለዚህም ከአሮጌዎቹ ሉሆች ጋር ጎን ለጎን ካልተነበበ ይጎድላል።

የአዲሶቹን ዋጋ ለመረዳት ከእነርሱ በፊት ምን እንደነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ስለ እነዚህ ተራሮች የነበረው ይፋዊ ሥዕል የተመሠረተው በ1950ዎቹ ከአውሮፕላን በተነሡ ፎቶግራፎች ላይ ነበር። ቀያሾች በጥቂት ሥፍራዎች የመቆጣጠሪያ ነጥቦችን በመሬት ላይ ይለካሉ፤ ከዚያም ባለሙያዎች ቢሮ ተቀምጠው ተደራራቢ ፎቶግራፎችን በመሣሪያ እያጣመሩ የከፍታ መስመሮቹን፣ ማለትም እኩል ከፍታ ያላቸውን ነጥቦች የሚያገናኙትን መስመሮች፣ በእጃቸው ይከተላሉ። በዚህ መንገድ በሁለት ስኬል ካርታ ወጣ። አንዱ 1፡63,360 ነው፤ በእርሱ ላይ አንድ ኢንች በመሬት ላይ አንድ ማይል ይሆናል። ሌላው ሰፊውን አገር በአንድ ሉህ የሚያሳየው 1፡250,000 ነው። በተራራማዎቹ የ1፡63,360 ሉሆች ላይ በሁለት የከፍታ መስመሮች መካከል ያለው ልዩነት 100 ጫማ፣ ማለትም ወደ 30 ሜትር ነበር፤ እንግዲህ 25 ሜትር የሚሆን ገደል በሁለት መስመሮች መካከል ገብቶ ከካርታው ሊሰወር ይችል ነበር ማለት ነው። እንዲያም ሆኖ የእነዚያን ሰዎች ሥራ ሳላደንቅ አላልፍም። ሸንተረሮቹ የተሳሉት የመሬቱን ጠባይ በሚያውቅ እጅ በመሆኑ፣ በአሮጌው ሉህ ላይ አንድ ሸለቆ ሲጠብና ሲሰፋ ዓይን ያለ ድካም ይከተለዋል።

አዲሶቹ ሉሆች የቆሙበት መሠረት ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ አላስካ ከአውሮፕላን ላይ በራዳር ተለካች። ራዳር የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በሰሜኑ ክረምት ለፎቶግራፍ የሚሆን ብርሃን የለም፣ በበጋው ደግሞ ደመናና ጭጋግ ተራሮቹን አዘውትሮ ይሸፍናል፤ የራዳር ሞገድ ግን ደመናውን አልፎ መሬቱን ነክቶ ይመለሳል። ሁለት የራዳር ምልክቶች ሲነጻጸሩ በመካከላቸው ከሚታየው ጥቃቅን ልዩነት የእያንዳንዱ ነጥብ ከፍታ ይሰላል። ውጤቱ በየ5 ሜትሩ አንድ የከፍታ ልክ ያለው መረብ ነው። ቀደም ሲል ለአላስካ የነበረው ዲጂታል መረብ በየ60 ሜትሩ አንድ ልክ ብቻ ይሰጥ ስለነበር፣ ድሮ አንድ ቁጥር በነበረበት ቦታ ዛሬ 144 ቁጥሮች አሉ። ይህ በሉሁ ላይ ሲታይ የሚያስገርም ነው። ጎርፍ የጠረጋቸው ቀጫጭን ቦረቦሮች፣ የጥንት ግግር በረዶ ሲሸሽ ጥሎት የሄደው የድንጋይ ክምር፣ ከሸለቆው ጎን የተናደ መሬት ያስቀረው ጠባሳ፣ ሁሉም በከፍታ መስመሮቹ መታጠፍ ውስጥ ይነበባል። ከዚህ ሌላ ፋይሉ በንብርብር የተዘጋጀ ነው፤ አንባቢው የሳተላይቱን ምስል ሊያጠፋ፣ ውኃውን ብቻ ሊያስቀር፣ ስሞቹን ሊሰውር ይችላል። እኔ ሁሉንም አጥፍቶ የከፍታ መስመሮቹንና ወንዞቹን ብቻ ማስቀረትን እመርጣለሁ፤ የተራሮቹ አጥንት የሚታየው ያኔ ነው።

የአዲሱ ልኬት ጥቅምም ወሰኑም ጎልቶ የሚታየው በምሥራቅ፣ በሮማንዞፍና በፍራንክሊን ተራሮች ነው። የሰንሰለቱ ከፍተኛ ጫፎች ያሉት እዚያ ነው፤ የትኛው ከሁሉ እንደሚበልጥ ግን ከ50 ዓመት በላይ በእርግጠኝነት አልታወቀም ነበር። ምክንያቱም ራሳቸው ካርታዎቹ ነበሩ፤ በ1950ዎቹ የተሠሩት ሁለቱ የስኬል ዓይነቶች እርስ በርስ አይስማሙም፤ በአንዱ ማውንት ቻምበርሊን ሲበልጥ በሌላው ማውንት ኢስቶ ይበልጣል። ክርክሩን የዘጋው እ.ኤ.አ. በ2014 የተካሄደ ልኬት ነው። ተመራማሪው ማት ኖላን ከትንሽ አውሮፕላን ላይ ተደራራቢ ፎቶግራፎችን አንሥቶ፣ የካሜራውን ቦታ በየቅጽበቱ በጂፒኤስ እየመዘገበ የጫፎቹን ቅርጽ በኮምፒውተር አሰላ፤ የበረዶ ሸርተቴ ተራራ ወጪዋ ኪት ዴሎሪዬ ደግሞ ጂፒኤስ ይዛ ጫፍ ድረስ በመውጣት ስሌቱን አረጋገጠች። በ2016 በታተመው ውጤት ኢስቶ 2,736 ሜትር ሆኖ አንደኛ ወጣ፤ ሁለተኛው ብዙ ሰው ያልጠበቀው ማውንት ሀብሊ በ2,718 ሜትር ሲሆን፣ ቻምበርሊን በ2,712 ሜትር ወደ ሦስተኛነት ወረደ። ለቻምበርሊን ለብዙ ዘመን ይጠቀስለት የነበረው ቁጥር 9,020 ጫማ፣ ማለትም 2,749 ሜትር ነበር፤ ልዩነቱ ከአንድ የከፍታ መስመር ርቀት ይበልጣል።

እንግዲህ የ1፡25,000 ሉሆች ይህን ዓይነት ክርክር ብቻቸውን ሊፈቱ ይችሉ ነበር? አይመስለኝም፤ ይህንንም ገዥ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል፤ ሉሆቹ ነጻ ቢሆኑም ሰው ጊዜውንና እምነቱን ይከፍልባቸዋልና። በየ5 ሜትሩ የሚለካ መረብ ሰፊ ትከሻ ላለው ተራራ ከበቂ በላይ ነው፤ እንደ ጩቤ የሾለ ጫፍ ግን በሁለት ነጥቦች መካከል ሊወድቅ ስለሚችል ዝቅ ብሎ ይመዘገባል። ከዚህ በተጨማሪ ራዳር የሚያየው በጎን በኩል ስለሆነ፣ በጣም ቀጥ ያለ ግድግዳ ከጀርባው ያለውን መሬት ይጋርዳል፤ ወደ አውሮፕላኑ የዞረው ገጽ ደግሞ በምልክቱ ላይ ተደርቦ ይመጣል። ባለሙያዎቹ ከተለያየ አቅጣጫ ደጋግመው በመብረር ይህን ያርማሉ፤ ነገር ግን አንባቢው በቀጥ ያሉ ገጾች ላይ የሚያያቸውን መስመሮች ከገራገሩ ሸለቆ መስመሮች እኩል ሊያምናቸው አይገባም። ጫፍ ሲፈለግ በነጥብ የተለካውን ቁጥር፣ ሸለቆ ሲፈለግ ሉሁን ማመን ይሻላል።

በዚሁ አካባቢ ያሉት ሉሆች ግን ከጫፎቹ ቁጥር የበለጠ የሚሰጡት ነገር አለ። የፒተርስና የሽሬደር ሐይቆች በቻምበርሊን እግር ሥር ተያይዘው ተኝተዋል፤ ከሐይቁ ገጽ እስከ ተራራው ጫፍ ያለው ከፍታ ከ1,800 ሜትር ይበልጣል፤ በካርታው ላይ ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በጥቂት ጣት ስፋት ውስጥ ነው። ሐይቆቹ የተኙበት ጎድጓዳ የጥንት ግግር በረዶ የቆፈረው መሆኑን የሸለቆው ቅርጽ ራሱ ይመሰክራል፤ ወለሉ ጠፍጣፋ፣ ጎኖቹ ቀጥ ያሉ ናቸው። ዛሬ የቀረው ግግር በረዶ ትንሽ ነው። በጣም የተጠናው ማክኮል ግግር በረዶ ሲሆን፣ ርዝመቱ ከ8 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ ጥናቱ የተጀመረው በ1957 ለዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ነው፤ ሁለተኛው ትልቅ ጫፍ የሚጠራበት ሪቻርድ ሀብሊም በዚያው ዓመት በግግር በረዶው ላይ ሕይወቱ ያለፈ ሳይንቲስት ነበር። ብርዱ እንዲህ ጠንክሮ ሳለ ግግር በረዶው ያነሰበት ምክንያት ብዙ ጊዜ በስሕተት ይነገራል። ብርድ ብቻውን ግግር በረዶ አይሠራም፤ የሚወርድ በረዶ ያስፈልጋል፤ የብሩክስ ተራሮች ደግሞ ደረቅ አገር ናቸው። በአሮጌው ሉህ ላይ የማክኮልን ምላስ ጫፍ በእርሳስ ምልክት አድርጎ አዲሱን ከጎኑ የሚያስቀምጥ ሰው፣ ማፈግፈጉን ያለ ምንም ሠንጠረዥ በዓይኑ ያያል። አሮጌዎቹ ሉሆች ተቃኝተው በዚያው ተቋም ቶፖቪው በተባለው ድረ ገጽ በነጻ ስለሚገኙ ለዚህ ንጽጽር የሚጎድል ነገር የለም።

ወደ መካከለኛው ክፍል፣ ወደ ኢንዲኮት ተራሮች ሲመጣ ካርታው በሌላ መልኩ ይበልጥ ይጣፍጣል። እዚህ ላይ ጫፍ ሳይሆን በር ነው የሚነበበው። አናክቱቩክ በሚባለው መተላለፊያ የከፍታ መስመሮቹ በድንገት ይራራቃሉ፤ ግራና ቀኝ የተጠጋጉት መስመሮች ለሰፊ ሜዳ ቦታ ይለቃሉ፤ ውኃውም ወዴት እንደሚሄድ ለመወሰን የሚያመነታ ይመስላል። በደቡብ በኩል ጆን የተባለው ወንዝ ተነሥቶ ወደ ኮይኩክ፣ ከዚያም ወደ ዩኮን ወርዶ ቤሪንግ ባሕር ይገባል፤ በሰሜን በኩል አናክቱቩክ ወንዝ ወደ ኮልቪል ተጨምሮ ቦፎርት ባሕር ይደርሳል። ሁለት ውቅያኖሶችን የሚለያየው መስመር እንደዚህ ዝቅ ብሎ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ700 ሜትር በታች በሆነ ረግረጋማ ወለል ላይ ማለፉን አንባቢ ሲያይ፣ የካሪቡ (የሰሜን አጋዘን) መንጋዎች ለምን በዚህ በኩል እንደሚያልፉና ነባሩ የኑናሚውት ሕዝብ ለምን በዚህ ሥፍራ መንደሩን እንደመሠረተ ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ ይገባዋል። ከዚያ ወደ ምሥራቅ የአቲገን መተላለፊያ ፍጹም ተቃራኒው ነው፤ 1,444 ሜትር ላይ የሚገኝ ጠባብና ቀጥ ያለ ሲሆን፣ በ1974 የተሠራው ዳልተን አውራ ጎዳና በ1977 ዘይት ማስተላለፍ ከጀመረው ቧንቧ ጋር ሰንሰለቱን የሚሻገረው በእርሱ ነው። በአላስካ በኩል ሰንሰለቱን ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚሻገር ሌላ መንገድ የለም። ሁለቱን ሉሆች አጠገብ ለአጠገብ ማየት ስለ መተላለፊያ የሚጻፍ ረጅም ትምህርት ይተካል።

ሰሜኑና ደቡቡ ጎን ምን ያህል እንደሚለያዩ ለማየት ከአንድ ሉህ በላይ ያስፈልጋል፤ ይህም የ1፡25,000 ምርት ዋና ድካም ነው። አንዱ ሉህ ከደቡብ ወደ ሰሜን 14 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይሸፍናል፤ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ሰፊውን ሥዕል የሚፈልግ ሰው አሮጌዎቹን የ1፡250,000 ሉሆች አጠገቡ ያኑር። በእነርሱ ላይ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ይታያል። በምዕራብና በመካከል ከሰሜኑ ጎን የሚወርዱትን ወንዞች አብዛኞቹን ኮልቪል እንደ ገንዳ ከታች ተቀብሎ ይሰበስባቸዋል፤ በምሥራቅ ግን ካኒንግ፣ ሁላሁላና ኮንጋኩት እያንዳንዳቸው በቀጥታ ባሕር ይገባሉ፤ ምክንያቱም በዚያ ተራሮቹ ወደ ባሕሩ ተጠግተው የባሕር ዳርቻው ሜዳ እጅግ ይጠባል። በደቡብ በኩል ቻንዳላርና ሺንጄክ ወደ ዩኮን ተፋሰስ ይወርዳሉ። ዕፅዋቱም በዚሁ መስመር ይከፈላል፤ የስፕሩስ ደን በደቡቡ ሸለቆዎች እየቀጠነ ወጥቶ ከሰንሰለቱ በታች ይቆማል፣ ከመተላለፊያዎቹ በስተሰሜን ያለው አገር ዛፍ የሌለበት ቱንድራ ነው። አዲሱ ሉህ ደኑን በአረንጓዴ ቀለም ስለሚያሳይ፣ ቀለሙ የት እንደሚያልቅ በጣት እየተከተሉ መሄድ ይቻላል።

ስለ አለቱ ካርታው በቀጥታ የሚናገረው ነገር የለም፤ ሥራውም አይደለም። ቢሆንም መስመሮቹን በትዕግሥት የሚያነብ ሰው ብዙ ይገምታል። ሰንሰለቱ የተነሣው በጁራሲክ ዘመን መጨረሻና በክሬቴሺየስ መጀመሪያ የአርክቲክ አላስካ የአህጉር ጠርዝ ከደቡብ ከነበረ የደሴቶች ቅስት ጋር ሲጋጭ ነው፤ ያን ጊዜ፣ ከዚያ ቀደም የባሕር ወለል የነበረው የሊዝበርን ኖራ ድንጋይ ተቆርጦ፣ ተደራርቦ ወደ ሰሜን ተገፋ። ይህ ድንጋይ ባለበት ሁሉ ረጃጅም ሸንተረሮች ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ትይዩ ሆነው ይሄዳሉ። አሪጌች በተባሉት ሾጣጣ ጫፎች ሉህ ላይ ግን ትይዩነቱ ይፈርሳል፤ ያ ግራናይት ነውና መስመሮቹ በየአቅጣጫው እየዞሩ ጥርስ የመሰሉ ጫፎችን ይከብባሉ። በሰሜን ምሥራቅ የመገፋቱ ሥራ ገና አላበቃም፤ በነሐሴ 2018 እ.ኤ.አ. በሳድለሮቺት ተራሮች አቅራቢያ በመጠን 6.4 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሷል።

ምዕራቡን በአጭሩ አልፈዋለሁ፤ ሉሆቹ መጥፎ ስለሆኑ ሳይሆን መሬቱ እየለዘበ ስለሚሄድ ነው። ከማውንት ኢግክፓክ ሥር የሚነሣው ኖአታክ ወንዝ በቤርድና በደ ሎንግ ተራሮች መካከል ሰፊ ጎዳና ይዞ ወደ ኮትዝቡ ሰላጤ ይወርዳል፤ ይህን አንድ ወንዝ ከምንጩ እስከ አፉ በተከታታይ ሉሆች መከተል የምዕራቡን ቅርጽ ለማወቅ ይበቃል።

አሁን ወደ ጉድለቱ። የአርክቲክ ወንዝ በአንድ መስመር የሚፈስ አይደለም። በጠጠር ሜዳ ላይ እየተበታተነ፣ እየተገናኘ፣ በየጎርፉ ቦታ እየለወጠ ይሄዳል፤ በክረምትም ከሥር የሚወጣው ውኃ በላዩ ላይ ደጋግሞ እየቀዘቀዘ ወፍራም የበረዶ ንጣፍ ይሠራል፤ ንጣፉ አንዳንድ ጊዜ እስከ በጋው አጋማሽ ሳይቀልጥ ይቆያል። በሰማያዊ የተሳለው መስመር ከእነዚህ ብዙ ሁኔታዎች አንዱ ብቻ ነው፤ መሻገሪያ ለሚፈልግ ሰው ዋስትና አይሰጥም። የመሬቱም ገጽ እንዲሁ ነው። በካርታው ላይ ገራገር መስሎ የሚታየው የሸለቆ ወለል፣ ከሥሩ ዓመቱን ሙሉ የማይቀልጥ አፈር ስላለ ውኃው አይሰርግም፤ በላዩም ጉብ ጉብ ያለ የሣር ክምር ይበቅላል፤ እግር በጉብታው ላይ ሲያርፍ ይዋዥቃል፣ በመካከሉ ሲገባ በውኃ ይሰምጣል። ይህን የሚያመለክት ምልክት በሉሁ ላይ የለም። ስለዚህ ጠፍጣፋ መስሎ የሚታየው መንገድ አብዛኛውን ጊዜ ከድንጋያማው ሸንተረር ይልቅ ያደክማል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ጉድለት ደግሞ የካርታ ሠሪውም ጥፋት አይደለም። በ2024 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በብሩክስ ተራሮች ውስጥ 75 ጅረቶች ብርቱካናማ ቀለም እንደያዙ ዘግቧል። የቀዘቀዘው አፈር ሲቀልጥ ለረጅም ዘመን ተዘግቶበት የነበረው ማዕድን ከውኃና ከአየር ጋር ይገናኛል፤ ብረቱ ይዝጋል፣ ውኃውም አሲድ ይሆናል፣ ዓሣውና የዓሣው ምግብ ይጎዳሉ። ጥርት ያለ ውኃ ሲጠጣበት የኖረ ጅረት ዛሬ ዝገት ለብሶ ይፈሳል፤ በካርታው ላይ ግን እንደ ሌሎቹ ሰማያዊ ሆኖ ይቀጥላል። ውኃ ለመቅዳት በካርታ ብቻ የሚተማመን ሰው ይህን አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል።

ስለ ስሞች አንድ ነገር ልጨምር። በ1929 የደን ባለሙያው ቦብ ማርሻል በኮይኩክ ሰሜናዊ ገባር ላይ ሲወጣ በወንዙ ግራና ቀኝ ለቆሙት ለፍሪጂድ ክራግስና ለቦሪያል ተራራ የአርክቲክ በሮች የሚል ስም ሰጣቸው፤ በ1980 የተመሠረተው ጌትስ ኦፍ ዘ አርክቲክ ብሔራዊ ፓርክም መጠሪያውን ከዚያ አገኘ። በፓርኩ ውስጥ እስከ ዛሬ መንገድም የተጠረገ የእግር ጎዳናም የለም። አዲሶቹ ሉሆች የፓርኩንና የአርክቲክ ብሔራዊ የዱር እንስሳት መጠለያን ወሰን በጥሩ ሁኔታ ያሳያሉ። ሆኖም ብዙ ጫፎች ያለ ስም በቁጥር ብቻ ቆመዋል፤ በነዋሪዎቹ ዘንድ የሚታወቁት የአደን ቦታዎች፣ መሻገሪያዎችና ማረፊያዎች አብዛኞቹ በሉሁ ላይ አልሰፈሩም። ባዶ የሚመስለው አገር ለሺህ ዓመታት የታደነበትና የታወቀ አገር ነው፤ ካርታው ባዶ ሲተወው አንባቢው ባዶ ነው ብሎ እንዳይቀበለው እፈራለሁ።

ሁለቱን ትውልድ ካርታዎች አብሮ የሚጠቀም ሰው ሦስት ነገሮችን ይጠንቀቅ። አሮጌዎቹ በ1927ቱ የመለኪያ መነሻ (ኬክሮስና ኬንትሮስ በሚቆጠርበት መሠረት)፣ አዲሶቹ በ1983ቱ ላይ ስለተሠሩ፣ ከአንዱ የተነበበ የጂፒኤስ ነጥብ በሌላው ላይ ወደ መቶ ሜትር የሚጠጋ ርቀት ሊዛነፍ ይችላል። በአሮጌው ሉህ ግርጌ የታተመው የመግነጢሳዊ ሰሜን ማዕዘን፣ ማለትም ኮምፓስ በሚያሳየው ሰሜንና በእውነተኛው ሰሜን መካከል ያለው ልዩነት፣ ደግሞ ፈጽሞ አያገለግልም፤ የመግነጢስ ዋልታው ስለተንቀሳቀሰ ማዕዘኑ ከ1950ዎቹ ወዲህ ከአሥር ዲግሪ በላይ ተለውጧል፤ በዚያ ልክ ኮምፓሱን ያስተካከለ መንገደኛ ወደ ሌላ ሸለቆ ሊገባ ይችላል። በቤት ውስጥ ሲታተምም ማተሚያው ሉሁን ከወረቀቱ ጋር እንዲያመጣጥን ከተፈቀደለት ስኬሉ ይበላሻል፤ ከዚያ በኋላ በማስመሪያ የሚለካ ርቀት ሁሉ ስሕተት ነው። ሉሁ ትልቅ ስለሆነ ሰፊ ወረቀት ያለው ማተሚያ ቤት ቢፈለግ ይሻላል።

በሳተላይት ጥንድ ምስሎች የተሠራውና በየ2 ሜትሩ ልክ የሚሰጠው አርክቲክ ዴም የተባለው የከፍታ መረጃም በነጻ ይገኛል። ለተመራማሪ ከዚህ የተሻለ ነው፤ ምክንያቱም አንዱን ቦታ በተለያዩ ቀኖች የተለካ አድርጎ ስለሚሰጥ የግግር በረዶ መሳሳትና የመሬት መናድ በቁጥር ይሰላል። ለአንባቢ ግን ጥሬ ዕቃ ነው፤ ስም የለውም፣ ወንዝ የለውም፣ ወሰን የለውም፤ ለመክፈትም ልዩ ፕሮግራም ይፈልጋል። ለማንበብ የተሠራው የጂኦሎጂካል ሰርቬዩ ሉህ ነው፤ ለዚህም ነው ከሁለቱ እርሱን የማስቀድመው።

ለጀማሪ የምመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው። በመጀመሪያ የ1፡250,000 ሉሆችን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እየደረደረ ወንዞቹን ይለይ። ቀጥሎ የአናክቱቩክንና የአቲገንን አዲስ ሉሆች ያውርድ፤ ከዚያም የቻምበርሊንንና የኢስቶን። የአሪጌችን ሉህ ለመጨረሻ ያቆይ፤ መስመሮቹ እጅግ የተጠጋጉ ስለሆኑ ያልለመደ ዓይን ይጠፋባቸዋል። በእግሩ ሊሄድ ያሰበ ሰው ካለ ደግሞ በካርታው ላይ የቅርብ ጊዜ የሳተላይት ምስል ይጨምር፤ ከመነሣቱም በፊት በቤትልስ፣ በኮልድፉት ወይም በአናክቱቩክ የሚገኙትን የፓርክ ሠራተኞች በዚያ ሰሞን የትኛው ወንዝ እንደሞላና የትኛው ጅረት እንደማይጠጣ ይጠይቅ።